ቡናችንን በውጭ ለምትሸጡ፦ ኃላፊነቱ ከትርፉ በፊት ይጀምራል

በፍራንክፈርት፣ በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም የአገራችንን ቡና አስመጥተው፣ ቆልተው የሚሸጡ ወገኖች እየበዙ ነው። ደስ ይላል። እኔም በዚሁ ሥራ ጀርመንና ኢትዮጵያ እየተመላለስኩ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ አዳዲስ ጀማሪዎች ይደውሉልኛል። ስለ ዋጋና ስለ ማጓጓዣ ከጠየቁኝ በኋላ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ድርጅታችን ለአካባቢና ለሰው ኃላፊነት ይሰማዋል ብለን ፓኬቱ ላይ ምን እንጻፍ? ከትርፋችን አምስት በመቶውን ለትምህርት ቤት እንሰጣለን ብንል ይበቃል?»

አይበቃም። ትምህርት ቤት ማሠራት መልካም ነገር ነው፤ አሠሩ። ገዢዎችና ባንኮች ኢኤስጂ (በእንግሊዝኛ አካባቢ፣ ማኅበረሰብና አስተዳደር ማለት ነው) እያሉ የሚጠይቁት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ትርፉ ሲገኝ ወንዙ ምን ሆነ? ለቃሚዋ ስንት ተከፈላት? ሂሳቡን ማን ያየዋል? ለገበሬው ዋጋ አሳንሶ ከፍሎ በዓመቱ መጨረሻ ደብተርና እርሳስ ማከፋፈል በኔ ዓይን ኃላፊነት አይባልም። መጀመሪያ ዋጋውን ክፈሉት። ደብተሩን ራሱ ይገዛል።

እስቲ ከወንዙ ልጀምር፤ ብዙዎቻችን የማናየው እሱን ነውና። የታጠበ ቡና ስንል እሸቱ ተፈልፍሎ፣ ውሃ ውስጥ ቆይቶ፣ ታጥቦ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የደረቀ ቡና ማለታችን ነው። ከእሸቱ የሚወጣው ገለባና የሚያዝለገልገው ጣፋጭ ፈሳሽ ዝም ብሎ ወንዝ ከገባ ይብላላል፤ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል። ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል። ከታች ያሉት ሰዎች ከብት የሚያጠጡት፣ ልብስ የሚያጥቡት ከዚያው ነው። ደግሞ ይህ ሁሉ የሚሆነው ዝናቡ ከወጣ በኋላ፣ ወንዙ እያነሰ በሚሄድበት ሰሞን ነው።

እዚህ ላይ የእኛ የዲያስፖራዎች ችግር አለ። አገር ቤት የምንሄደው ልጆች ትምህርት ሲዘጉ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። በዚያ ወቅት በብዙ ቦታ መፈልፈያው ቆሟል፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ግቢው አረንጓዴ ነው። ፎቶ አንስተን እንመለሳለን። እባካችሁ አንዴ እንኳ በኅዳር ሂዱ። እሸቱ በመኪና ሲገባ፣ ማሽኑ ሲሠራ እዩ። ቆሻሻው ውሃ የሚገባበት ጉድጓድ የት እንዳለ ጠይቁ፤ ከወንዙ ምን ያህል እንደሚርቅ በእግራችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ጉድጓዱ ሞልቶ እየፈሰሰ ከሆነ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ደግሞ ከመፈልፈያው በታች ያሉ አንዲት እናት አነጋግሩ። ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።

ችግር ካለ መፍትሔው ሰማይ አልራቀም። ገለባው ለብቻው ተከምሮ ኮምፖስት ይሆናል። የቬቲቨር ሳር ተተክሎ ውሃውን እንዲያጣራ የሚያደርጉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች አሉ። ውሃ የሚቆጥቡ መፈልፈያዎችም አሉ። አቅሙ የሌለው አቅራቢ ከሆነ ደግሞ «አስተካክል» ብሎ ኢሜል መላክ ብቻውን ዋጋ የለውም። ከሚቀጥለው ዓመት ግዢ ላይ ቅድሚያ ክፍያ ስጡት፤ ለምን እንደሆነም ውሉ ላይ ጻፉት። አለዚያ ያለ ውሃ የሚዘጋጀውን ደረቅ ቡና ግዙ። በደንብ ከተያዘ ጣዕሙ የሚያስደንቅ ነው።

አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ደኑን በተመለከተ ሕግ መጥቶባችኋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ ከ2020 ዲሴምበር 31 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ገበያው ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ቡናው የበቀለበት መሬት በካርታ ላይ በነጥብ መታወቅ አለበት፤ ከአራት ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው ጭምር። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ተራዝሟል ብላችሁ ግን አትተኙ። የእኛ ገበሬ አብዛኛው ከሄክታር በታች ነው ያለው። አንድ ኮንቴነር ለመሙላት የብዙ መቶ ገበሬ ቡና ይሰበሰባል። የሁሉንም ማሳ በስልክ እየዞሩ መመዝገብ ወራት ይፈጃል።

ወጪውን ማን ይሸፍን? በየስብሰባው የሚያከራክረው ይኼ ነው። እኔ አቋሜ ግልጽ ነው፦ መረጃውን የፈለገው ገዢው ስለሆነ ገዢው ይክፈል። በሰበብ አስባቡ ከገበሬው ኪሎ ላይ ሲቀነስ ካያችሁ ዝም አትበሉ። የማሳውን መረጃ ኮፒም ለገበሬው ስጡት፤ የሱ ነውና ነገ ለሌላ ገዢ ሊሸጥበት ይችላል።

ጀርመን ያላችሁ ሌላም አለባችሁ። ድርጅቶች ዕቃ በሚያቀርቡላቸው ዘንድ የሰው መብት መከበሩን እንዲከታተሉ የሚያዘው የአቅርቦት ሰንሰለት ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የሚሠራው በትልልቅ ድርጅቶች ላይ ነው። ትልቁ ሱፐርማርኬት ግን ጥያቄውን ወደ እናንተ ያወርደዋል። ሕፃናት ይሠራሉ ወይ? ክፍያው እንዴት ነው? ብሎ ረጅም ቅጽ ይልካል። «የለም፣ የለም፣ የለም» እያሉ ሞልቶ መመለስ ቀላል ነው። አታድርጉት። ለቀማው ትምህርት በተከፈተበት ወቅት ስለሚውል ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ማሳ ላይ ይውላሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያሉትንም ከአደገኛ ሥራ ይጠብቃል። ያያችሁትን በሐቅ ጻፉ፤ ለማስተካከል ምን እያደረጋችሁ እንደሆነም ጨምሩ። ጠንቃቃ ገዢ ይህን ያከብራል።

ከሁሉ የሚዘነጉት የመጋዘን ሴቶች ናቸው። ቡናው ለኤክስፖርት ከመጫኑ በፊት ተቀምጠው ጉድለት ያለበትን ፍሬ በእጃቸው የሚለቅሙ። በብዙ ቦታ ክፍያቸው በለቀሙት ልክ ነው። አቧራው ከባድ ነው። እዚያ ስትገቡ መጸዳጃ ቤቱን እዩ፤ የሚጠጣ ውሃ መኖሩን፣ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ መታደሉን እዩ። ከዚያ ፔሮሉን፣ የደመወዝ መዝገቡን ማለት ነው፣ ጠይቁ። ለቋሚ ሠራተኛ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ለጡረታ መክፈል አለባቸው። ከሠራተኛዋ ተቆርጦ ገቢ ሳይደረግ የቀረ ካለ እዚያው ይታያል። ለነፍሰ ጡር 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ በሕግ ተቀምጧል። ስንቷ አግኝታዋለች? ብላችሁ ጠይቁ። ሥራ አስኪያጁ ቅር ቢለው ይለው።

እኛ ዲያስፖራዎች በጣም የምንወድቀው አስተዳደሩ ላይ ነው። ታናሽ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ አዲስ አበባ ይቀመጣል። ኤምባሲ ሄደን «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለመበደር» የሚል ረጅም ውክልና እንፈርማለን። ውል የለም፣ የደመወዝ ስምምነት የለም። «በቤተሰብ መካከል ምን ወረቀት ያስፈልጋል» እንላለን። ከጥቂት ዓመት በኋላ ድርጅቱም ዝምድናውም ይፈርሳል። ያኔ ዕዳው የሚተርፈው ገንዘቡን ላልተቀበለው ገበሬና ደመወዙ ለቀረበት ዘበኛ ነው።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ይህ ልዩነት እናንተን ሊጠብቃችሁ የተቀመጠ ነው፤ ሁሉን በአንድ ወረቀት ጠቅልላችሁ አትስጡት። ወንድማችሁን በደመወዝ ቅጠሩት፤ ደህና ደመወዝ ክፈሉት። ከተወሰነ ብር በላይ ለሆነ ወጪ ሁለት ፊርማ ይኑር። በየዓመቱ ዘመድ ያልሆነ ኦዲተር ያስገቡ። ወንድምየው ሐቀኛ ከሆነ ይህ ከሐሜት ያድነዋል፤ ተናግሮ የሚያምነው ያጣ ስንት ንጹሕ ሰው አውቃለሁ።

ዋጋ አሳንሶ ኢንቮይስ መጻፍና ልዩነቱን ውጭ ማስቀረትን «ሁሉም ያደርገዋል» ብለው የሚመክሯችሁ አይጠፉም። ከዚህ ዓይነት ሰው ጋር አትዋሉ። አገር በውጭ ምንዛሪ እጥረት መድኃኒት ስታጣ አይተናል። ጉዳይ ለማስፈጸም «ለሻይ» የሚጠየቀውም እንደዚያው ነው። እምቢ ስትሉ ሥራው ይዘገያል፤ እሱን አስቀድማችሁ ከጊዜ ሰሌዳችሁ ውስጥ አስገቡት።

የቡናውን ስም በተመለከተም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥት ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ትልቁ የቡና ኩባንያ ስታርባክስም በስሞቹ የመጠቀም ፈቃድ እንዲፈርም ሲጠየቅ እሺ አላለም ነበር። ድርጅቱ በዚያን ጊዜም ለገበሬው ስለማሰቡ ብዙ ይናገር ነበር። የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለኩባንያው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ተፈረመ። ስሞቹን ያለ ክፍያ በፈቃድ የመጠቀም አሠራርም የዚሁ ጥረት አካል ነው። እንግዲህ ያን ያህል የተደከመበትን ስም ከሌላ አካባቢ በመጣ ቡና ፓኬት ላይ ብንለጥፈው ያማል። ይርጋጨፌ ካላችሁ ይርጋጨፌ ይሁን። ፈቃዱን በተመለከተ የአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ።

ወደ ፓኬቱ ልመለስ። ምን እንጻፍ ላላችሁት፣ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ገጽ ይበቃል። ለእሸት ቡና በኪሎ ስንት እንደከፈላችሁ፣ ከየትኛው ጣቢያ እንደገዛችሁ፣ የውሃው ጉድጓድ ያለበትን ሁኔታ፣ የለቃሚዎቹን ክፍያ፣ ያልተስተካከለውን ነገርና የምታስተካክሉበትን ቀን ጻፉ። ዓመተ ምሕረቱን አትርሱ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ብቻ አታስቀሩት። ጣቢያው ሲዳማ ከሆነ በሲዳምኛ፣ ጅማ ከሆነ በኦሮምኛ አስተርጉሙና መፈልፈያው በር ላይ ለጥፉት። ማንበብ ለማይችሉትም በክፍያ ቀን አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብላቸው። ስህተት ካለው እዚያው ይነግሯችኋል፤ አርማችሁ ከዚያ በኋላ ለደንበኛ አሳዩት።