መልስ፦ የአስኪያ መቃብር ላይ እንጨቶቹ ለምን ተሰኩ?

ሰላም ወንድሜ። ማሊ ውስጥ፣ ጋኦ ከተማ ያለው የአስኪያ መሐመድ መቃብር ላይ እንጨቶቹ ለምን እንደተሰኩና አሁንም የሚገለገልበት ሰው እንዳለ ጠይቀሃል።

እንጨቶቹ ለጌጥ ብቻ አይደሉም። 17 ሜትር የሚያህለው ፒራሚድ መሰል ሕንፃ የጭቃ ነው። ዝናብ ያጥበዋል፣ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ በየጊዜው እንደገና መለሰን አለበት። ያኔ ለሳኞቹ ጭቃቸውን ይዘው እነዚያን እንጨቶች እየረገጡ ሽቅብ ይወጣሉ። ሌላ መወጣጫ መሥራት አያስፈልግም። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ የምዕራብ አፍሪካው የሶንግሃይ መንግሥት ንጉሥ አስኪያ መሐመድ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያሠራው ሕንፃ እስከ ዛሬ የቆመው የከተማው ሰው መለሰኑን ስላላቋረጠ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄህ፦ አዎ፣ በግቢው ያለው መስጊድ ይሰገድበታል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2004 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ሰሜን ማሊ በጦርነት ስትታመስ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተመደበ።