24 ሰው ይበቃል ወይ? ስለ ባዮኢኩቫለንስ ጥናት የናሙና መጠን

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ሐዋሳ ውስጥ የፋርማሲ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። አንድን ጀነሪክ (የዋናው መድኃኒት አቻ የሆነ) ኪኒን ከዋናው መድኃኒት ጋር በክሮስኦቨር ጥናት ለማነጻጸር፣ ማለትም ሁለቱ እኩል ወደ ደም መግባታቸውን (ባዮኢኩቫለንስ) ለማየት ፕሮፖዛል እያዘጋጀሁ ነው። ከአንድ የታተመ ጥናት የሲማክስን (በደም ውስጥ የታየውን ከፍተኛ የመድኃኒት መጠን) ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ለአማካዩ ሳካፍል ሲቪው (ከአማካዩ አንጻር ያለው የልዩነት መጠን) 40 በመቶ ሆነ፤ በዚህ መሠረት 66 በጎ ፈቃደኞች ያስፈልጉኛል። አማካሪዬ ግን «ሁሉም በ24 ነው የሚሠራው፤ አንቺም 24 ጻፊ» አሉኝ። ጥናቱ ራሱ በ24 ሰው የተሠራ ክሮስኦቨር ሲሆን የሲማክስ ንጽጽሩ (የጀነሪኩ ለዋናው ሲካፈል) 90 በመቶ የመተማመኛ ክልል ከ87.09 እስከ 108.04 በመቶ ነው። የትኛውን ቁጥር ልያዝ?

መልስ፦ ሁለቱንም አይያዙ። የስሌትዎ አካሄድ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ያስገቡት ሲቪ ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን ለአማካይ ሲያካፍሉ ያገኙት ሰው ከሰው የሚለያይበትን መጠን ነው። በክሮስኦቨር ጥናት ግን እያንዳንዱ ሰው ሁለቱንም መድኃኒቶች በየተራ ስለሚወስድ የሚነጻጸረው ከራሱ ጋር ነው፤ ስለዚህ የሚያስፈልግዎ አንድ ሰው ከራሱ የሚለያይበት መጠን ነው።

አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሄደው ሁለት ሚዛኖች እኩል ይመዝኑ እንደሆነ ማወቅ ቢፈልጉ፣ አንዱን ዓሣ በሁለቱም ላይ ያስቀምጡታል እንጂ በአንዱ ቆሮሶ በሌላው አምባዛ አይመዝኑም። አምባዛው ከቆሮሶው ብዙ እጥፍ ቢከብድም ለጥያቄዎ ምንም አይጨምርም። የሚያስቸግርዎ ያው ዓሣ በያው ሚዛን ላይ ሁለቴ ሲቀመጥ የተለያየ ቁጥር ማሳየቱ ነው። የናሙናውን መጠን የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው።

ደግነቱ የሚፈልጉት ቁጥር በጠቀሱት ክልል ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። 108.04ን ለ87.09 ያካፍሉና የውጤቱን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ይውሰዱ፤ 0.2156 ይሆናል፤ ግማሹ 0.1078 ነው። ይህ ግማሽ ስፋት የሦስት ቁጥሮች ብዜት ነው፦ ለ22 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (24 ሲቀነስ 2) ከቲ ሰንጠረዥ የሚገኘው 1.717፣ 2 ለ24 ተካፍሎ ካሬ ሥሩ ሲወሰድ የሚመጣው 0.2887፣ እና የምንፈልገው በሎጋሪዝም ሚዛን የተለካው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን። ሁለቱን የታወቁትን አባዝተው 0.1078ን ቢያካፍሉላቸው 0.217 ያገኛሉ። የዚህን ካሬ በኤክስፖነንሻል ቀይረው፣ ከውጤቱ 1 ቀንሰው፣ ካሬ ሥሩን ሲወስዱ ሲቪው 22 በመቶ ይወጣል። ከ40 በመቶ ምን ያህል እንደራቀ ይመልከቱ።

ይሁንና 22ን እንዳለ ወስደው እንዳያቅዱ አደራ እላለሁ። ከ24 ሰው ብቻ የተገኘ ግምት ስለሆነ እውነተኛው 25 ወይም 26 ቢሆን አይደንቅም፤ እኔ ብሆን 25ን እይዝ ነበር። የሁለቱን መድኃኒቶች ንጽጽርም 100 በመቶ ብለው አይገምቱ፤ 95 መያዙ የተለመደና ጤናማ ጥንቃቄ ነው። ሲቪ 25 በመቶ፣ ንጽጽር 95 በመቶ፣ መድኃኒቶቹ እኩል ናቸው ለማለት የመተማመኛ ክልሉ ሊያልፈው የማይገባው ወሰንም የተለመደው ከ80.00 እስከ 125.00 በመቶ ሲሆን፣ ለ80 በመቶ ፓወር (ጥናቱ እኩልነቱን የማሳየት ዕድል) 28 ሰው፣ ለ90 በመቶ ደግሞ 38 ሰው ያስፈልጋል። ንጽጽሩ ወደ 90 ቢወርድ ግን ለ80 በመቶ ፓወር ብቻ 56 ሰው ይጠየቃል። በዚህ ስሌት ውስጥ የንጽጽሩ ግምት ቁጥሩን በእጅጉ ይለውጣል፤ ስለዚህ የጀነሪኩንና የዋናውን ኪኒን የመሟሟት ሙከራ ውጤት ሳያዩ አይወስኑት።

ስለ አማካሪዎ አንድ ነገር ልበል። 22 በመቶው እውነት ከሆነ 24 ሰው 84 በመቶ ገደማ ፓወር ስለሚሰጥ ምክራቸው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሲቪው 25 ሲሆን ግን ፓወሩ ወደ 74 በመቶ ይወርዳል፤ ማለትም ኪኒኑ በእርግጥ እኩል ሆኖ ሳለ ከአራቱ አንድ ዕድል ጥናቱ ይወድቃል። ደም የሰጡት ጤነኛ ሰዎች ለከንቱ ተወጉ ማለት ነው። 66 ሰው መመልመልም በተቃራኒው ያለ አስፈላጊነት ብዙ ሰዎችን ለመድኃኒትና ለመርፌ ያጋልጣል። የሥነ ምግባር ኮሚቴው የሚጠይቀው «ሌሎች ስንት ያዙ?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ ነው፤ «ሁሉም በ24 ይሠራል» የሚለው ለዚህ መልስ አይሆንም።

የሚያቋርጡትንም ያስቡ። 15 በመቶ ይቀራሉ ብለው ከገመቱ በ28 ላይ 15 በመቶ መጨመር አይበቃም፤ 32 ሰው ይዘው 15 በመቶ ሲቀነስ ወደ 27 ይወርዳሉ። 28ን ለ0.85 ያካፍሉ፤ 32.9 ይመጣል፤ ሁለቱ የአወሳሰድ ቅደም ተከተሎች እኩል ሰው እንዲኖራቸው 34 ያድርጉት።

ከመጻፍዎ በፊት የታተመው ጥናት መድኃኒቱን እንደ እርስዎ ዕቅድ በባዶ ሆድ ወይም ከምግብ በኋላ መስጠቱን ያረጋግጡ፤ ሲቪው በዚህ ይለዋወጣል። የኤዩሲንም (በጊዜ ሂደት ወደ ደም የገባው ጠቅላላ የመድኃኒት መጠን መለኪያ) ሲቪ በዚሁ መንገድ ያውጡና ከሲማክሱ ጋር አስተያይተው ትልቁን ይያዙ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበልጠው የሲማክሱ ነው።