ስለ ንግድ ውድድር ሕግ ከድሬዳዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ከነጋዴዎችና ከሸማቾች ለደረሱኝ ጥያቄዎች በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በከፊራ ገበያ ጎን ለጎን ያሉ ሱቆች ሁሉ አምስት ሊትር ዘይት የሚሸጡት በአንድ ዋጋ ነው። ይህ በነጋዴዎች መካከል የተደረገ ስምምነት አይደለምን?

መልስ፦ የዋጋ መመሳሰል ብቻውን ጥፋት አይደለም። ሱቆቹ ከአንድ ጅምላ አከፋፋይ የሚረከቡ ከሆነ፣ አንዱ የሌላውን ዋጋ እያየ ሳይነጋገሩም ተመሳሳይ ዋጋ ሊጠሩ ይችላሉ። ሕጉ የሚከለክለው ተፎካካሪዎች ተስማምተው ዋጋ መወሰናቸውን፣ ገበያ ወይም ደንበኛ መከፋፈላቸውንና በጨረታ ላይ መመሳጠራቸውን ነው። ስምምነቱ የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም፤ የቃል ንግግርም ሆነ የነጋዴዎች ማኅበር ያሳለፈው ውሳኔ ይበቃል። እነዚህ ድርጊቶች ከተረጋገጡ በኋላ «ገበያውን ለማረጋጋት ነው» የሚለው መከራከሪያ ተቀባይነት የለውም፤ ሲቀርብ ግን ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ስለዚህ የዋጋ ዝርዝር ፎቶግራፍ ብቻ ይዞ መሄድ ሩቅ አያደርስም። የሚያስፈልገው ዋጋው እንዲጨምር የተላለፈ የስልክ መልእክት፣ ቃለ ጉባኤ ወይም «ከዚህ በታች እንዳትሸጥ» የተባለ ባለ ሱቅ ምስክርነት ነው።

ጥያቄ፦ ሳቢያን አካባቢ ሱቅ አለኝ። አከፋፋዩ ሳሙና ካላነሳሁ ስኳር አይሰጠኝም። እንደ ሸማች መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልሶ ለመሸጥ የሚገዛ ሰው በአዋጁ ትርጉም ሸማች ስላልሆነ በዚያ በኩል አይሄዱም። መንገድዎ የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀም የሚለው ክልከላ ነው፤ አንዱን ዕቃ ለመሸጥ ሌላውን እንዲገዙ ማስገደድ በዚሁ ሥር ይወድቃል። ችግሩ አከፋፋዩ በገበያው ላይ ዋጋን ወይም የንግድ ድርድርን የመቆጣጠር አቅም እንዳለው ማሳየት ነው። ስኳሩን ከሌላ አከፋፋይ በቀላሉ የሚያገኙ ከሆነ አቤቱታዎ ይዳከማል። ጥፋቱ ከተረጋገጠ ግን ቅጣቱ ከዓመታዊ ሽያጩ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ልብስ የተሠራበትን አገር ቀይረው የሚሸጡ ነጋዴዎች ደንበኛ እየወሰዱብኝ ነው።

መልስ፦ ስለ ዕቃው ምንጭ ማሳሳት ተገቢ ያልሆነ የንግድ ውድድር ነው። የተለወጠውን ምልክት የያዘ ልብስ ከነደረሰኙ ገዝተው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ዋጋ ተከራክሬ ሳልገዛ ስሄድ ባለ ሱቁ «ግዛ» ብሎ ያዘኝ።

መልስ፦ ዕቃ ስላዩ ወይም በዋጋ ስለተከራከሩ የመግዛት ግዴታ የለብዎትም፤ አዋጁ ይህንን በግልጽ አስፍሯል።

ጥያቄ፦ አቤቱታ የሚቀርበው የት ነው?

መልስ፦ ቀድሞ ይህን የሚያይ ራሱን የቻለ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ነበር፤ ከአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወዲህ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። የዋጋ ዝርዝር አለመለጠፍንና ደረሰኝ መከልከልን የመሳሰለው ግን ቅርብ ላለው የአስተዳደሩ ንግድ ጽሕፈት ቤት ቢቀርብ ይፈጥናል።