ቀለበቱ ለሷ ሰርፕራይዝ ይሁን፣ ለእናቷ ግን አይሁን

ሰላም የጅማ ልጆች፣ አሜሪካም አውሮፓም አረብ ሀገርም ያላችሁ፣ በያላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ። ይሄ ሰርፕራይዝ ፕሮፖዝ የሚባለው፣ ልጅቷ ሳታስበው ቀለበት አውጥቶ ላግባሽ ማለት፣ በኛ ልጆች ዘንድ በጣም እየተለመደ መጥቶ ብዙዎቻችሁም እየደወላችሁ "ጋሼ እንዴት ላድርገው፣ መጀመሪያ ለማን ልንገር" ስለምትሉኝ የማውቀውን ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። ብዙ ዓመት ውጭ ኖሬያለሁ፣ ሽማግሌ ሆኜ በአካልም በስልክም ገብቼበታለሁ፣ ያማረውንም የተበላሸውንም አይቻለሁ።

ተንበርክኮ ቀለበት ማውጣት የፈረንጅ ነው ነውር ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ልጅቷን ደስ የሚላት ከሆነ ይደረግላት፣ አባቶቻችን ያላደረጉት ሁሉ ጥፋት አይደለም። እኔ የምለው ሰርፕራይዙ ለሷ ብቻ ይሁን ነው። እናቷ፣ አባቷ፣ ታላቅ ወንድሟ፣ ያሳደገቻት አክስቷ እንደ ማንኛውም ሰው ስልክ ላይ አይተው መስማት የለባቸውም።

ጅማን ታውቋታላችሁ። እናት ሄርማታ ገበያ ወጥታ ጎረቤት ልጇን ቲክቶክ ላይ ቀለበት አድርጋ አይታ "እንኳን ደስ አለሽ" ስትላት፣ እሷ ግን ምንም ካልሰማች፣ ምን ብላ ትመልስ? "አመሰግናለሁ" ብላ ቤቷ ገብታ ነው የምታለቅሰው። ልጄን ያለ ወግ ወሰዷት ነው የሚሰማት፣ ልጁ የፈለገ ጨዋ ቢሆን። አንድ አባት ሽማግሌ ሲመጣባቸው "ቀለበቱን አስራችሁ ጨርሳችሁ አሁን ምን ልትጠይቁኝ ነው" ብለው ሲመልሱ አይቻለሁ፣ ያንን ለማስታረቅ ስንት ሰው ስንት ጊዜ ተመላለሰ። ልጁ ክፋት አልነበረውም እኮ፣ ለማን መንገር እንዳለበት የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው።

በኛ ወግ ጥያቄው የሚቀርበው ለቤተሰብ መሆኑን ማንም አይረሳውም። ሽማግሌው ብዙ ጊዜ እሁድ ጠዋት ይሄዳል፣ ተቀመጡ ሲባል አልቀመጥም ብሎ ጉዳዩን ቆሞ ይናገራል፣ "ልጃችሁን ለልጃችን" ይላል፣ ቤተሰብም በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም ቀጠሮ ይሰጣል። ያ ቀጠሮ ለወጉ ብቻ አይደለም፣ በመሃል ልጁ ይጠየቃል፣ ጸባዩ ይጣራል፣ ዝምድና እንዳይኖር ኦርቶዶክሱ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፣ ኦሮሞውም ጎሳ ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ ግን ልጅቷ ራሷ "ታውቂዋለሽ ወይ፣ ትፈልጊዋለሽ ወይ" ተብላ ትጠየቃለች፣ መጠየቅም አለባት። ችግሩ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው፣ ሽማግሌ ከቀለበቱ በፊት ከላክህ ቤተሰብ ደውሎ ይጠይቃታል ሰርፕራይዙም እዛው አለቀ፣ ቀለበቱን መጀመሪያ አድርገህ ዝም ካልክ ደግሞ ቤተሰብ ይከፋል።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ምርቃት ቀድሞ፣ ቀለበት መሃል፣ ሽማግሌ በኋላ ነው። ምርቃት ስል ሽማግሌ ሳይላክ አንተ ራስህ ደውለህ ለእናቷና ለአባቷ "ልጃችሁን ልጠይቃት አስቤያለሁ፣ እሺ ካለች ሽማግሌ በወጉ ይመጣል፣ እስከዛ በእናንተ ዘንድ ይቆይ" ማለት ነው። እነሱን ቀጥታ የማታውቃቸው ከሆነ በታላቅ ወንድሟ ወይ በአጎቷ በኩል ግባ፣ ግን ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለአምስት ሰው ከነገርክ ማታውኑ ትሰማለች። እስከዛሬ ይሄን ስልክ ደውሎ የተቆጣበት ቤተሰብ አላየሁም፣ አባት ድምፃቸው ሲቀየር ነው የምትሰማው፣ እንደ ሰው ተቆጠርኩ ይላሉ። ሽማግሌው ደግሞ እሺ ባለች በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሂድ፣ ወራት አይፈጅ። ያንተ ቤተሰብ ጅማ ከሌለ እዛው ከሚኖሩት ውስጥ የሚከበሩ ሰዎችን ለምነህ ላክ፣ አንተ በቪዲዮ መግባት ትችላለህ ግን እነሱ በአካል ይገኙ።

ሰዓቱንም አስቡበት፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው እሱን ነው። ዋሽንግተን ወይ አትላንታ ያለ ሰው ቅዳሜ ማታ ከእራት በኋላ በፈረንጅ 8 ሰዓት ላይ ቀለበት ሲያወጣ ጅማ በክረምት ሰዓታቸው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፣ የ8 ሰዓት ልዩነት አለ፣ በበጋ ሰዓታቸው ደግሞ 7 ይሆናል። ጓደኞች ሌሊቱን ፖስት ያደርጋሉ፣ እናት ጠዋት ስትነሳ ወሬው ቀድሟታል። ቀን በፈረንጅ 11 ሰዓት አካባቢ ብታደርገው ግን ጅማ ምሽት 12 ወይ 1 ሰዓት ነው፣ ቤተሰብ ቤት ገብቶ ቡና ላይ ነው፣ እሺ እንዳለች እዛው በዋትሳፕ ወይ በኢሞ ደውላችሁ ቀለበቷን ራሷ ታሳያቸው፣ እልልታውን ስሙት። ፖስቱ ከዛ በኋላ ይድረስ። ለተጋበዙትም "እስክንነግራችሁ ድረስ ማንም ፎቶ አይልቀቅ" ተብሎ በግልፅ ይነገር።

ሙስሊም የሆናችሁ ደግሞ፣ በጅማ ዞን አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነውና፣ ቀለበቱ ኒካህን እንደማይተካ ታውቃላችሁ፣ ወሊይዋ (በኒካህ የሚወክላት አባት ወይ የቅርብ ዘመድ)፣ ምስክሮቹ፣ መህሩ (ባል ለሚስት የሚሰጠው) አለ። ስለዚህ ለናንተ ለአባቷ ወይ ለወሊይዋ መንገር ከወግም በላይ ነው፣ ቀድሞ ይደረግ።

ወደ ልጅቷ ልምጣ። ሰርፕራይዝ መሆን ያለበት ቀኑና ቦታው ነው እንጂ ጋብቻው ራሱ አይደለም። ልጅ መውለድ ትፈልጋለች ወይ፣ ሀገር ቤት መመለስ ታስባለች ወይ፣ ሀይማኖታችሁ የተለያየ ከሆነ ምን ይሆናል፣ ለቤተሰብ በየወሩ የሚላከው ብር እንዴት ይቀጥላል፣ እነዚህን ሁሉ ተነጋግራችሁ ያለቀ መሆን አለበት። ይሄ ሳይነሳ ቀለበት የያዘ ሰው ልጅቷን በጣም ከባድ ቦታ ላይ ነው የሚያቆማት። ሬስቶራንት ሙሉ ሰው፣ ካሜራ ተደቅኖ፣ የሀበሻ ሙዚቃ ቆሞ፣ እሷ ደግሞ በይሉኝታ ያደገች የጅማ ልጅ፣ በሰው ፊት እንዴት ብላ እምቢ ትላለች? እሺ ብላ በወሩ ቀለበት የመለሰች አውቃለሁ፣ የሷ ጥፋት አልነበረም። ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ጠይቃት፣ ፓርቲው ከፈለጋችሁ በኋላ ይደረግ። የጣቷን ልክ ከእህቷ ወይ ከምታደርገው ቀለበት መውሰድ ነው፣ ባይገጥምም ወርቅ ቤት ያሰፋዋል ያጠበዋል፣ አትጨነቁበት።

አሁን ወረቀቱ፣ እዚህ ጋ በደንብ አንብቡኝ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። እጮኛችሁ ጅማ ሆና እናንተ አሜሪካ ከሆናችሁ የፊያንሴ ቪዛ፣ ኬ ዋን የሚባለው፣ ሲቲዝን ለሆነ ሰው ብቻ ነው፣ ግሪን ካርድ የያዘ በሱ ማምጣት አይችልም፣ አግብቶ ነው ለሚስቱ የሚሞላው። ፋይል ከማድረጋችሁ በፊት ባለፈው 2 ዓመት ውስጥ በአካል የተገናኛችሁ መሆን አለባችሁ፣ ጥቂት ለየት ያሉ ምክንያቶች ካልሆኑ በስተቀር፣ እሷ ከገባች በኋላ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ መጋባት ግዴታ ነው። ስለዚህ ጅማ ስትሄዱ ትኬቱን፣ ፎቶውን፣ የስልክ ልውውጡን አስቀምጡ።

እዚህ ላይ ያለው አደጋ ይሄ ነው። በሀገራችን ሕግ ጋብቻ በመንግሥት ሹም ፊት ብቻ አይደለም፣ የሀይማኖትም የባህልም ጋብቻ ጋብቻ ነው። ኬ ዋን ደግሞ ላልተጋቡ ሰዎች ነው። አሁን አንድ ልጅ ለእረፍት ጅማ ሄዶ ቀለበት አሰረ፣ ቤተሰብ ደስ ብሎት ጥሎሹንም ጨመረበት፣ ቬሎ ተለበሰ፣ ኬክ ተቆረሰ ወይ ኒካህ ታሰረ፣ ከዛ ፎቶው ኤምባሲ ኢንተርቪው ላይ ሲቀርብ "እናንተ ተጋብታችኋል" ተብሎ ይመለሳል፣ ስንት ወር የተጠበቀ ፋይል እንደገና ከሀ ይጀመራል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ወስኑ፣ ወይ ቀለበት ብቻ አድርጋችሁ በእጮኛ ሙሉ፣ ወይ በደንብ ተጋብታችሁ የጋብቻ ሰርተፊኬት አውጥታችሁ በሚስት ሙሉ። መሃል ላይ አትንጠልጠሉ። ይሄን ለቤተሰብ አስቀድማችሁ አስረዱ፣ እናት ድግስ ስታይ ደስታዋ ስለሚያይል ቬሎ ከማስመጣቷ በፊት ይነገራት።

እንግሊዝ በእጮኛ የሚገባ ሰው 6 ወር ነው የሚሰጠው፣ በዛ ጊዜም መሥራት አይፈቀድለትም፣ ለብቻ በጀት ያዙለት። ካናዳ ለብቻው የእጮኛ ቪዛ የሚባል የለም። ዲቪ የምትሞሉ ደግሞ ስትሞሉ ያገባችሁ ከሆነ የትዳር ጓደኛን አለመጻፍ ዕድሉን ያበላሻል፣ ቀለበት ብቻ ያሰረ ግን አላገባምና ያላገባ ብሎ ነው የሚሞላው። በውክልና ላግባት የሚል ሀሳብም ይመጣል፣ በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ መርሁ ሁለቱም በአካል ተገኝተው ፈቃዳቸውን መስጠት ነው፣ በውክልና የሚፈቀደው ከባድ ምክንያት ሲኖርና ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ጅማ ላይ የምትጋቡ እዛው ያለ የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

አረብ ሀገር ያላችሁ እህቶቼ፣ ለእናንተ ለብቻ የምለው አለኝ። ጅማና ዙሪያዋ ልጆቿን ወደ ሳዑዲ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት ስትልክ ኖራለች፣ እናንተም በሰው ቤት ስትደክሙ በስልክ ቃል የገባላችሁ፣ ቀለበቱንም በዘመድ የላከ ልጅ ሊኖር ይችላል። ብዙዎቹ ቅን ልጆች ናቸው። ግን ቃል ገብቶ "ለሰርጉ ላኪ፣ ቤቱን ልጨርሰው" የሚል ሲሆን ብሩን በሱ አካውንት አታስገቢ፣ በራስሽ ስም አካውንት ክፈቺ፣ ቤትም ከሆነ በስምሽ ይሁን። በቤተሰብ ሕጋችን ከጋብቻ በፊት ያፈራሽው የግልሽ ነው፣ ግን በሱ ስም ከተጻፈ ያንቺ መሆኑን ማስረዳት ትቸገሪያለሽ። የሚወድሽ ሰው በዚህ አይቀየምም። ከተቀየመ እዛው ሆነሽ ማወቅሽ ይሻላል።

ጅማ ሄዳችሁ ልትጠይቋት ላሰባችሁ፣ ከአዲስ አበባ በመኪና ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው በአውሮፕላንም ይኬዳል፣ ደርሳችሁ በበነጋው አትጠይቁ፣ መጀመሪያ ቤተሰብ ጋ ገብታችሁ ቡና ጠጡ። ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጋ ከተማዋ ከታች ተዘርግታ ስለምትታይ በጣም ያምራል፣ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሰው አያስወጣም፣ ጥርን ምረጡ። በአቢይ ጾምና በረመዳን ድግስ አታስቡ።

የመጨረሻው፣ "ላስብበት" ካለችህስ? ብዙ ወንድ ይሄን እንደ እምቢታ ወስዶ ይኮርፋል። አትኩረፍ፣ ቀለበቱን መልሰህ ኪስህ ክተት፣ ጊዜ ስጣት፣ በየቀኑም አትጠይቃት። ለቤተሰቧ አስቀድመህ ስለነገርክ ደግሞ ያንን ቀን ራስህ ደውልላቸውና "ጊዜ ጠይቃኛለች፣ እባካችሁ ማንም እንዳይጫናት" በላቸው፣ ምክንያቱም እናቷ ካንተ ምርቃት በኋላ "እሺ በይው" እያለች ትደውልላት ይሆናል። መልሱን ከሷ ብቻ ጠብቅ።