ጥያቄና መልስ፦ ፎቶ ሲያንስ የሚጠፋውና የሚቀረው

ጥያቄ፦ ከፋይል ስም መጨረሻ ላይ አንዳንዴ «ጄፒጂ»፣ አንዳንዴ «ጄፒኢጂ» መባሉ ግራ ያጋባው አንባቢ ልዩነቱን ይጠይቃል።

መልስ፦ ልዩነት የላቸውም፤ ሁለቱም ጄፔግ የሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ምልክት ናቸው። ቅጥያው ከሦስት ፊደል እንዳይበልጥ ያስገድዱ የነበሩ የድሮ ኮምፒውተሮች አንዱን ፊደል ስላስቀሩት ነው።

ጥያቄ፦ ሌላው ደግሞ አንድን ፎቶ አራት ጊዜ እየደጋገመ አሳንሶ ፊቶቹ በትንንሽ ካሬዎች ተሞሉበት። የተሻለ ፕሮግራም ጠቁመኝ ይላል።

መልስ፦ ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም። ከ1992 ጀምሮ የምንጠቀምበት ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ትንንሽ ነጥቦች) በሆኑ ካሬዎች ከፍሎ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር ይጥላል። የተጣለው አይመለስም፤ ባሳነሱት ላይ ደግመው ሲያሳንሱ ከተረፈውም ይጣላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከዋናው ፎቶ ይነሡ፤ አዲሱንም በሌላ ስም ያስቀምጡ። ጥራቱን ከመንካትዎ በፊት ስፋቱን ይቀንሱ፦ 4000 በ3000 የሆነ ፎቶ 12 ሚሊዮን ፒክስል አለው፤ 1600 በ1200 ሲሆን ከ2 ሚሊዮን በታች ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የጥራቱን መለኪያ 80 አካባቢ ቢያደርጉት በስክሪን ላይ ልዩነቱን መለየት ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ ከስክሪን የተነሣ ጽሑፍ ለምን ይደበዝዛል?

መልስ፦ ጄፔግ የፊደል ጠርዝ አይሆንለትም። ምንም በማይጥለው በፒኤንጂ ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ አንባቢ የደንበኞችን መታወቂያ ፎቶ ትሰበስባለች። ማመልከቻው ከ500 ኪሎባይት በላይ ስለማይቀበል ለወራት በነጻ ድረ ገጽ ስታሳንስ ቆይታለች። «ከአንድ ሰዓት በኋላ እናጠፋለን ስለሚሉ ችግር የለውም አይደል?» ትላለች።

መልስ፦ አለው፤ ያውም ትልቅ ችግር። መታወቂያዎቹ የእርስዎ አይደሉም። ባለቤቶቹ ለመሥሪያ ቤትዎ ሰጡ እንጂ ለማያውቁት ድረ ገጽ አልሰጡም። ገጹ ቃሉን ይጠብቅ ይሆናል፤ እርስዎ ግን የሚያረጋግጡበት መንገድ የለዎትም። ቅጂው በመጠባበቂያ ማከማቻ ውስጥ ቢቀር በምን ያውቃሉ? ከአድራሻው አጠገብ የሚታየው የቁልፍ ምልክትም የሚናገረው መንገዱ የተጠበቀ መሆኑን ብቻ ነው፤ ተቀባዩ በፋይሉ ምን እንደሚያደርግበት አይናገርም።

ሲታዩ የሚመሳሰሉ ሁለት ዓይነት ገጾች አሉ። አንደኛው ፎቶውን ወደ ራሱ ሰርቨር ወስዶ፣ አሳንሶ ይመልሳል። ሌላው፣ ለምሳሌ ስኩሽ የሚባለው፣ ሥራውን በራስዎ መሣሪያ ላይ በብራውዘሩ ውስጥ ይጨርሳል። ለመለየት ገጹን ይክፈቱ፣ ኢንተርኔቱን ያቋርጡ፣ ከዚያ ምስጢር የሌለበት ፎቶ ይስጡት። ከሠራ ፎቶው ሳይጓዝ ማሳነስ ይችላል ማለት ነው፤ ካልሠራ ይተዉት። ለሰው መታወቂያ ግን ይህንንም አልመክርም። ዊንዶውስ ላይ ፔይንት፣ ማክ ላይ ፕሪቪው ድረ ገጽ ሳይከፈት ይህንኑ ይሠራሉ።

እስካሁን የተላኩትን በተመለከተ ግን የእኔ ምክር አይበቃም። ዛሬውኑ ለኃላፊዎ ይንገሩ፤ መሥሪያ ቤቱም የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የሚያውቅ ባለሙያ ያማክር። አደራ፣ ለነገ አያሳድሩት።

ጥያቄ፦ ፎቶ ሲያንስ የተነሣበት ቦታ መረጃ አብሮ ይጠፋል?

መልስ፦ አንዳንዱ ማሳነሻ ያጠፋዋል፣ አንዳንዱ ይተወዋል፤ በእምነት አይለፉት። በ2012 ፖሊስ ይፈልገው የነበረው የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም ሠሪው ጆን ማካፊ ጓቲማላ መሆኑ የታወቀው አንድ መጽሔት ባወጣው ፎቶ ውስጥ ተደብቆ በቀረ የቦታ መረጃ ነው። በስልክዎ ካሜራ ላይ የቦታ ፈቃዱን ይዝጉ። የቆዩትን ፎቶዎች ደግሞ ከመላክዎ በፊት የፋይሉን ዝርዝር መረጃ ከፍተው ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ለኅትመትስ ምን ያህል ላሳንስ?

መልስ፦ አያሳንሱ። 10 ሴንቲሜትር ስፋት ላለው ጥሩ ኅትመት 1200 ያህል ፒክስል ያስፈልጋል፤ የቀረውን አታሚዎ ይነግርዎታል።