«ሲሸሹ» ወይስ «ሸሹ»? ከጦርነት ፎቶግራፍ ስር የሚጻፍ ግስ

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ጦርነቶች ላይ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ እያዘጋጀ ነው። መግለጫዎቹን የምጽፈው እኔ ነኝ። ከታወቀው የቬትናም ፎቶግራፍ ስር «ሕፃናት ከናፓልም ቃጠሎ ሲሸሹ፣ ቬትናም፣ 1972» ብዬ ጻፍኩ። የአማርኛ መምህር የሆነው ባልደረባዬ «ማሰሪያ አንቀጽ የለውም፤ ‹ሸሹ› ተብሎ ይታረም» አለኝ። ጋዜጦች ግን ሁልጊዜ በ«ሲ» ሲጽፉ አያለሁ። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ ለፎቶግራፍ መግለጫ የእርስዎ «ሲሸሹ» ይሻላል። ባልደረባዎ ያነሱት ሕግ ግን የተሳሳተ አይደለም። «ሲሸሹ» «ስ» ከትንቢት አንቀጹ «ይሸሹ» ጋር ተጣምሮ የተገኘ ጥገኛ ግስ ነው፤ ሌላ ግስ ካልደገፈው አይቆምም። በዜና ወይም በድርሰት መካከል «ሕፃናት ሲሸሹ» ብሎ አራት ነጥብ የሚያኖር ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ትቶታል። በፎቶግራፍ ስር ግን የጎደለው ግስ «ይታያሉ» የሚለው ነው፤ እሱን ደግሞ አንባቢው በዓይኑ እያየው ስለሆነ መጻፍ አያስፈልግም። «ሸሹ» ብንል የተፈጸመ ድርጊት እንተርካለን። ፎቶግራፉ ሽሽቱን እንጂ የሽሽቱን ፍጻሜ አላየም። ሕፃናቱ ይትረፉ አይትረፉ ከምስሉ አይታወቅም። ስለዚህ በ«ሲ» የሚያልቅ መግለጫ ያልተጠናቀቀ መምሰሉ ጉድለት አይደለም፤ ከምስሉ ጋር መስማማቱ ነው።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ነገር ግን እርስዎ የሚጽፉት ስለ ሠርግ ወይም ስለ ስብሰባ ፎቶግራፍ አይደለም፤ ስለ ጦርነት ነው። ብዙ ሰው ሩቅ አገር ስለተደረገ ጦርነት የሚያውቀው አንድ ምስልና ከስሩ ያለውን አንድ መስመር ብቻ ነው። መስመሩ ከተዛባ ጦርነቱ በአንባቢው ዘንድ ተዛብቶ ይቀራል። ስለዚህ «ሲ» የት እንደሚገባና የት እንደማይገባ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

«ሲ» የዓይን ምስክር ግስ ነው። «ሲሰርቅ ተያዘ» ማለት እጅ ከፍንጅ ተያዘ ማለት ነው፤ «ሰርቆ ተያዘ» ግን ስርቆቱን ያየ ሰው መኖሩን አይናገርም። በፎቶግራፍ ስር «ሲ» ያለው ግስ ስናኖርም «ካሜራው ይህን ድርጊት በሚፈጸምበት ቅጽበት አይቶታል» ብለን መመስከራችን ነው። ያላየውን አየ ካልን በሐሰት መሰከርን።

ሮበርት ካፓ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1936 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ያነሳውን ፎቶግራፍ ያስቡ። አንድ የሪፐብሊኩ ታጣቂ ክንዱን ዘርግቶ፣ ጠመንጃው ከእጁ እያመለጠ፣ ወደ ኋላ ይወድቃል። ምስሉ በዚያው ወር «ቩ» በተባለው የፈረንሳይ መጽሔት፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በአሜሪካው «ላይፍ» ወጣ። የ«ላይፍ» መግለጫ ወታደሩ በኮርዶባ ግንባር ጭንቅላቱን በጥይት ተመትቶ ሲወድቅ መሆኑን በእርግጠኝነት ተናገረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ከበስተጀርባ ያለውን የተራራ መስመር ከመልክዐ ምድሩ ጋር ሲያስተያዩ ቦታው ይባል እንደነበረው ሴሮ ሙሪያኖ ሳይሆን ከዚያ ርቃ የምትገኘው የኤስፔሆ አካባቢ ሆኖ አገኙት። ፎቶግራፉ እውነተኛ ሞት ነው ወይስ ለካሜራ የተደረገ ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። አሁን ሦስት መግለጫዎችን ያወዳድሩ፦ «ታጣቂው ሲወድቅ»፣ «ታጣቂው ተመትቶ ሲወድቅ»፣ «ታጣቂው ሲሞት»። የመጀመሪያውን ማንም ሊክደው አይችልም። በሁለተኛው «ተመትቶ» የሚለውን ቦዝ አንቀጽ ጸሐፊው ከራሱ ጨመረው፤ ጥይት በምስሉ ላይ አይታይም። ሦስተኛው ጭራሽ ፍርድ ነው። ዓለም የስፔንን ሪፐብሊክ መሥዋዕትነት ለዘመናት በዚህ ምስል ሲያስብ ኖሯል፤ ያን ትርጉም የሰጠው ግን የወታደሩ አወዳደቅ ብቻ ሳይሆን ከስሩ የተጻፈውም ቃል ነበር።

ቦዝ አንቀጹን ካነሳሁ አይቀር፣ ከድርጊቱ በኋላ ለተነሳ ፎቶግራፍ የሚስማማው እሱ ነው። «ድልድዩ ፈርሶ»፣ «ከብቶቹ አልቀው»፣ «ወታደሩ ወድቆ» ስንል ካሜራው የደረሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ መሆኑን እንናገራለን። በጣልያን ወረራ ዘመን በውጭ ጋዜጦች የታየውን ምስል «ንጉሠ ነገሥቱ ያልፈነዳ ቦምብ ረግጠው ቆመው» ብንለው በትክክል ተገልጿል፤ ቦምቡ ሲወድቅ ያየ ካሜራ የለምና። ይሁን እንጂ ቦዝ አንቀጽም ሊዋሽ ይችላል። አሌክሳንደር ጋርድነር በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በጁላይ 1863፣ ጌቲስበርግ ላይ ያነሳው አንድ ፎቶግራፍ በድንጋይ ካብ ጥግ የተዘረጋ የደቡብ ወታደር አስከሬን ያሳያል። መግለጫው ቦታውን የአንድ አልሞ ተኳሽ ምሽግ አደረገው። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1975 እ.ኤ.አ.፣ ዊሊያም ፍራሳኒቶ የተባሉ የታሪክ ተመራማሪ የተለያዩ ፎቶግራፎችን ሲያነጻጽሩ ያው አስከሬን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ተነስቶ፣ ከዚያ ወደ ካቡ ተወስዶ እንደገና መነሳቱን አረጋገጡ። ጠመንጃውም አልሞ ተኳሾች የሚይዙት ዓይነት አልነበረም። ከዚህ ፎቶግራፍ ስር «በምሽጉ ወድቆ» ብለን ብንጽፍ ሰዋስዉ እንከን የለበትም፤ ወታደሩ ግን እዚያ አልወደቀም። ልክ የሚሆነው ስማዊ ሐረግ ነው፦ «የደቡብ ወታደር አስከሬን፣ ጌቲስበርግ»። የማያውቁት ነገር በበዛ ቁጥር ግሱን ይቀንሱ።

አሁን ወደ እርስዎ ፎቶግራፍ ልመለስ። የእኔ ቅሬታ ባልደረባዎ ካሉት ይለያል፤ የእርስዎ መግለጫ የጎደለው ማሰሪያ አንቀጽ ሳይሆን አድራጊ ነው። ናፓልሙን፣ ያን የሚያቃጥል ቦምብ፣ ማን ጣለው? «ከናፓልም ቃጠሎ» የሚለው ሐረግ ቃጠሎውን ከሰማይ እንደወረደ መቅሠፍት ያደርገዋል። ሰው ባዶ ቦታ አይወድም፤ ካልተነገረው ራሱ ይሞላዋል። በዚህ ፎቶግራፍ ላይም የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 1972 ትራንግ ባንግ ላይ ናፓልሙን የጣለው የደቡብ ቬትናም አየር ኃይል አውሮፕላን ነው፤ መንደሯ የነበረችውም በዚያው መንግሥት ግዛት ነው። ሆኖም በብዙ አገር ምስሉን የሚያስታውሱ ሰዎች አብራሪው አሜሪካዊ እንደነበር አድርገው ይናገራሉ። አሜሪካ የጦርነቱ ዋና ተካፋይ፣ የደቡቡም መንግሥት አስታጣቂ ስለነበረች ከኃላፊነት ነጻ ናት ማለቴ አይደለም። እውነቱ ግን መጻፍ ያለበት እንደሆነው ነው።

አማርኛችን እዚህ ላይ ወጥመድ አለው። ተደራጊ ግስ ስንጠቀም አድራጊውንም መሣሪያውንም በአንዱ «በ» እንገልጻለን። «መንደሯ በወታደሮች ተቃጠለች» እና «መንደሯ በናፓልም ተቃጠለች» በቅርጽ አንድ ናቸው፤ በሁለተኛው ግን ናፓልሙ የወታደሮቹን ቦታ ስለያዘ አንባቢው አድራጊው የተነገረው ይመስለዋል። «በከባድ መሣሪያ ተመቱ»፣ «በአየር ድብደባ ሞቱ» የሚሉት የዕለት ተዕለት አገላለጾችም እንዲሁ ናቸው። ማን መሆኑ የሚታወቅ ከሆነ ግሱን ወደ አድራጊ መልሰው ባለቤቱን ከፊት ያኑሩት። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ሕፃናት ከናፓልም ቃጠሎ ሲሸሹ፣ ትራንግ ባንግ፣ ደቡብ ቬትናም፣ ጁን 8 ቀን 1972 እ.ኤ.አ.። ናፓልሙን የጣለው የደቡብ ቬትናም አየር ኃይል አውሮፕላን ነው።» ምስሉ የሚያሳየው በ«ሲ» ይነገራል፤ ምስሉ የማያሳየው ግን በሌላ ምንጭ የተረጋገጠው በማሰሪያ አንቀጽ ይዘጋል። የባልደረባዎም ሕግ ቦታውን አገኘ ማለት ነው። ለባለመብቱ «ፎቶ፦ አሶሺየትድ ፕሬስ» ብለው ቢያልፉ ይበቃል። ምስሉን ያነሳው የወኪሉ ፎቶግራፍ አንሺ ኒክ ኡት ነው ሲባል ከኖረ በኋላ የፎቶግራፍ ሽልማት የሚሰጠው ድርጅት «ወርልድ ፕሬስ ፎቶ» በ2025 አንሺው እሱ መሆኑን ስለተጠራጠረ ስሙን ከምስሉ አግዶታል፤ የዜና ወኪሉ ግን በቀድሞው አቋሙ ጸንቷል።

ከዐውደ ርእያችሁ የሳይጎኑ ፎቶግራፍ የሚቀር አይመስለኝምና በአጭሩ ልንካው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968 የደቡብ ቬትናም ፖሊስ አዛዥ ጄኔራል ንጉየን ንጎክ ሎአን በአንድ የቬትኮንግ (የደቡቡን መንግሥት ይወጋ የነበረው የኮሚኒስት ሽምቅ ኃይል) ምርኮኛ ላይ ሽጉጥ ሲተኩስ ኤዲ አዳምስ አነሳው። «ሲገድል» ማለት ልክ ነው፤ «ሲረሽን» ግን የበለጠ ይናገራል፤ ሟቹ በቁጥጥር ስር የዋለና እጁ የታሰረ ሰው መሆኑን ያስታውቃል፤ ይህም በምስሉ ይታያል። «ሲቀጣ» ብሎ መጻፍ ግን ፍርድ ቤት የቆመ ያስመስላል። ምርኮኛው ሰዎችን ገድሏል ተብሎ ነበር የሚለውን በሁለተኛ ዓረፍተ ነገር፣ «ተብሎ» የሚለውን ቃል ሳይጥሉ ማስፈር ይቻላል። አዳምስ ራሱ ኋላ ፎቶግራፎች ግማሽ እውነት ብቻ እንደሚናገሩ ጽፏል፤ ጄኔራሉ ምርኮኛውን በሽጉጥ እንደገደለ፣ እሱ ደግሞ ጄኔራሉን በካሜራው እንደገደለ እስከ መናገር ደርሶ ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የራሳችን ምስል ነው። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ በያኔው ወሎ ክፍለ ሀገር ኮረም ላይ የቀረጹት ፊልም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1984፣ ማለትም በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ተላለፈ። ዓለም ደነገጠ። ርዳታ ጎረፈ፤ በጁላይ 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገውም ታላቅ ኮንሰርት የዚህ ድንጋጤ ልጅ ነበር። ያ ምስል ሕይወት አድኗል፤ ይህን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ይሁን እንጂ ዘጋቢው በትረካው ረሃቡን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሃብ ጋር አመሳሰለው። የመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሃብ ደግሞ ሰማዩ ተዘግቶ እንጂ ሰው አምጥቶት አይመስልም። በዚያው ጊዜ በትግራይና በሰሜን ወሎ ጦርነት ነበር። የደርግ ጦር ዘመቻዎች ማሳ ያቃጥሉ ነበር፤ ገበያ በአውሮፕላን ስለሚደበደብ ገበሬው ሌሊት ይገበያይ ነበር፤ መንገድ ተዘግቶ እህል ወደ አማፂያኑ ይዞታ ከሱዳን በጨለማ ይገባ ነበር። ዝናቡ መቅረቱ እውነት ነው። የዝናቡን መቅረት ወደዚያ ዓይነት እልቂት ያሳደገው ግን ጦርነቱ ጭምር ነው፤ እሱም ከካሜራው ክልል ውጪ ቀረ።

እኛስ ምን አልነው? «የ77ቱ ድርቅ»። ድርቅ የሰማይና የመሬት ነገር ነው፤ ረሃብ የሰው ነው። ሌንስ ረሃብን ማሳየት ይችላል፤ የከሳ ሕፃን፣ በብርድ የተኮራመቱ እናቶች ይታያሉ። ድርቅ ግን ምክንያት ነው፤ ምክንያት ደግሞ ፎቶግራፍ አይነሳም። ስለዚህ ከኮረም ምስል ስር «በድርቅ የተጎዱ ወገኖች ርዳታ ሲጠብቁ» ብሎ የሚጽፍ ሰው «ሲጠብቁ» የሚለውን ከምስሉ፣ «በድርቅ» የሚለውን ግን ከሌላ ሰው ትረካ ወስዷል። «የተራቡ ወገኖች ርዳታ ሲጠብቁ፣ ኮረም፣ 1977 ዓ.ም.» ብለው ይጻፉና ድርቁንም ጦርነቱንም በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር አብረው ያንሷቸው።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። አማርኛ ግስ ያለ ጾታ፣ ያለ ቁጥርና ያለ አክብሮት አይነገርም። ከውጭ የዜና ወኪሎች መግለጫ ሲተረጎም ከሳራዬቮ፣ ከጋዛ ወይም ከማሪዩፖል የመጣች የሰባ ዓመት እናት «አሮጊቷ ስታለቅስ» ትባላለች። ያው ምስል ከደሴ ወይም ከመቐለ ቢመጣ ያው ጸሐፊ «እናት ሲያለቅሱ» ይላል። ይህ የሰዋስው ስሕተት አይደለም፤ አንባቢው ግን የባዕዱን ሐዘን ከራሱ አሳንሶ እንዲያይ ሳያውቀው ይለማመዳል። በዕድሜ አንቱ የሚባሉ ሰዎች በማንኛውም አገር አንቱ ናቸው፤ የወደቀውም ወታደር የማንም ጦር ይሁን «ሬሳ» ሳይሆን «አስከሬን» ይባል። ሕፃናት ሲሆኑ በነጠላ «ስትሮጥ»፣ «ሲሮጥ» ማለት ይገባል። በትራንግ ባንጉ ፎቶግራፍ መሐል ያሉት ኪም ፉክ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ዛሬ በካናዳ የሚኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው። የልጅነታቸውን «ስትሮጥ»፣ የዛሬውን «ይኖራሉ» ብለው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይለያዩት፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካጣመሯቸው ግሶቹ ይጋጫሉ።

አክብሮቱ የሚያመጣው ችግር አንድ ነው፤ «ሲያለቅሱ» ብዙ ቁጥርም ስለሆነ አንባቢው ስንት ሰው እንደሆነ ሊጠራጠር ይችላል። መፍትሔው ከፊት «አንዲት» ወይም «አንድ» ማስቀደም ነው፦ «አንዲት አረጋዊት ከፈረሰው ቤታቸው ፊት ሲያለቅሱ»። ስማቸው የሚታወቅና እሳቸውም የፈቀዱ እንደሆነ «አንዲት» ይቅርና ስማቸው ይጻፍ።