«ምን ብዬ ልመለስላት?»

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ መጥቶ እናቱ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በሰላም መውጣቷን ነገረኝ። እግዚአብሔር ይመስገን ተባባልን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ እርስዎ ሆስፒታል ስለሠሩ ያውቁታል፤ ለዶክተሩ ፖስታ ውስጥ ስንት ብር ላድርግ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። እኔ ግን ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም። እንዲህ ቶሎ ብዬ «ምንም» ያልኩት የመጀመሪያው ሰው እሱ አልነበረም።

ሥራዬ ማደንዘዣ መስጠት ነበር። በ1979 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ በአንድ ሆስፒታል እሠራ ነበር። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ወንዙ ሁሉ ሞልቷል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አንዲት ወላድ በቃሬዛ መጣች። ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን አልፏል። የተሸከሟት የአገሯ ሰዎች እስከ ደረታቸው ርሰዋል፤ ወንዙን ሲሻገሩ ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ አንሥተው ነው ያመጧት። እሷ ላይ ግን የውኃ ጠብታ አልነበረም።

መብራት ጠፍቶ ነበር። ፋኖስ እንዳናስገባ የምናደነዝዝበት ኤተር በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ ስለዚህ አንዱ አስታማሚ የእጅ ባትሪ ይዞ ቆመልን። ደግነቱ የዚያን ጊዜው የኤተር መሣሪያችን መብራትም የኦክስጅን ሲሊንደርም ሳያስፈልገው የክፍሉን አየር ስቦ ይሠራል። ልጅቱ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ጠረጴዛው ላይ ስናስተኛት እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና «ትሄጃለሽ?» አለችኝ። «አልሄድም፤ እዚሁ ራስጌሽ ነኝ» አልኳት። ለሁሉም የምለው ነገር ነበር።

ሕፃኑ ሲወጣ አላለቀሰም። አዋላጇ ተቀበለችው፤ አፉን ጠረገች፣ ጀርባውን አሸች፣ እፍ እፍ አለችበት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ሕፃን ማስተንፈስ ከእሷ ይልቅ እኔ እችልበት ነበር፤ እሷም ይህን ታውቃለች። እናትየው ግን ደም እየፈሰሳት ነው፤ ግፊቷ ወርዷል። አንዱ እጄ አየር መንፊያው ላይ ነው፣ ሌላው የልብ ትርታዋ ላይ። ከራስጌዋ ብነሣ ማን ይተነፍስላታል? አልተነሣሁም። እናትየው ዳነች፤ ሕፃኑ አልዳነም።

የሠራሁት ትክክል ነበር። ዛሬም ተማሪ ቢጠይቀኝ ይኸንኑ አድርግ እለዋለሁ። ሆኖም የአዋላጇ ዓይን ለብዙ ሌሊት ከፊቴ አልጠፋም።

ኅዳር ላይ፣ ማር በሚቆረጥበት ወራት፣ አንድ ሰው አፉ በኮባ የታሰረ የማር ገንቦ ተሸክሞ ሆስፒታሉ ግቢ ገባ። «ያቺ ‹አልሄድም› ያለቻት ሴትዮ የቷ ናት?» እያለ ከክፍል ክፍል ሲጠይቅ ቆይቶ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ አገኘኝ። የልጅቱ ባል ነበር። ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም የውጭ አገር ሰው ነበርና ኮንትራቱን ጨርሶ ሄዷል። ሰውየው ግን የጠየቀው እሱን አልነበረም። «እሜቴ፣ ባለቤቴ ልካኝ ነው። ‹አልሄድም ያለችኝን ሴት ፈልገህ ስጥልኝ› ብላኝ» አለኝ፤ ገንቦውንም ዘረጋልኝ።

እኔ ገንቦውን ሳይሆን ሕፃኑን ነበር ያየሁት። ልጁን የቀበረ ሰው ማር ተሸክሞልኝ ሲመጣ ማየት አልቻልኩም። ሊወቅሰኝ ቢመጣ ይቀለኝ ነበር፤ መልስ ነበረኛ! ለምስጋናው ግን መልስ አጣሁና ደንብ ውስጥ ገብቼ ተደበቅኩ። «ወንድሜ፣ ሥራዬ ነው። ስጦታ መቀበል ክልክል ነው» አልኩት። ደንቡ እውነት ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ለደንቡ አልነበረም የተጨነቅኩት።

ገንቦውን እንደያዘ ዝም ብሎ ቆመ። «ታዲያ ምን ብዬ ልመለስላት?» አለኝ።

«‹ሥራዋ ነው› ብላለች በላት» አልኩና በሩን ዘጋሁት።

ማታ ስወጣ ዘበኛው ሰውየው እስከ አሥር ሰዓት አጥሩ ሥር ተቀምጦ ቆይቶ፣ ገንቦውን መልሶ ተሸክሞ እንደሄደ ነገረኝ።

ነርስ ልሁን ብዬ በተነሣሁ ጊዜ አባቴ «የሰው ቁስል ልታጥቢ ነው ያስተማርኩሽ?» ብሎ ነበር። የተከራከረችልኝ እናቴ ናት። «የንጉሥ ልጅ ያላፈረችበትን የኔ ልጅ ታፍርበታለች?» አለችው። የአፄ ኃይለ ሥላሴን ልጅ ልዕልት ፀሐይን ማለቷ ነው። በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ፣ አገሯ ከተመለሰች በኋላ በ1934 ዓ.ም. ለቀምት (የዛሬዋ ነቀምት) ላይ በወሊድ ምክንያት ያረፈችው። እናቴ ታሪኳን ስትናገር ዕንባዋ ይመጣ ነበር። እኔም እናቴን ለማስደሰት ጎበዝ ነርስ ሆንኩ። ማታ ቤት ስገባ ልጆቼ ከፀጉሬ የኤተር ሽታ የተነሣ አፍንጫቸውን ይዘው ይሸሹኝ እንደነበር ግን አልነገርኳትም።

የዘጋሁት በር ምን ያህል ከባድ እንደነበር የገባኝ እኔም በተራዬ የሞራ ግርዶሽ ሲነሣልኝ ነው። ፊቴ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ዓይኔ ደንዝዟል፤ የቀረውን ሰውነቴን ግን ፍርሃት ይዞታል። አንዲት ልጅ እስከ መጨረሻው እጄን ይዛ ቆየች። ስወጣ በድምጿ ለየኋትና «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አልኳት። «ሥራችን ነው እማማ» አለችና ቀጣዩን ሰው ጠራች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ሰልፉ ረጅም ነበር። እኔ ግን ምርቃቴን በአፌ እንደያዝኩ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። ያኔ ነው ገንቦ የያዘው ሰውዬ የታየኝ።

እናንተ የሕክምና ትምህርት ቤት ልጆች ከእኛ ትበልጣላችሁ። እኛ ሐኪም ያዘዘውን «ለምን?» ብለን አንጠይቅም ነበር፤ እናንተ ትጠይቃላችሁ፤ ደስ ይለኛል። ስልካችሁ ግን ከእጃችሁ አይለይም። በሽተኛ ሲያመሰግናችሁ ቀና ብላችሁ ተቀበሉት። «እግዜር ያስጨርስልዎ» ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ያልዳነ ነገር ካለም፣ እኔ እንዳደረግሁት አትሽሹ። ሰውየው ስለ ሕፃኑ ከእኔ የተሻለ ያውቅ ነበር፤ አውቆ ነው የመጣው።

ታካሚዎችና አስታማሚዎችም ብትሆኑ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ምስጋናው ሁሉ ለቀዶ ሐኪሙ ይሄዳል፤ ይገባዋል። ራስጌያችሁ ቆሞ ትንፋሻችሁን የጠበቀውን ሰው ግን አታውቁትም፤ እሱ ሥራውን ሲጀምር እናንተ ተኝታችኋልና። ጠይቁ። «ማነው ያስተኛኝ?» በሉ። ሌሊት ሽንት የደፋችላችሁን፣ ደም የነካውን አንሶላ ያጠበችውን ሴት ስሟን ጠይቁ። አሁን አሁን ወጣቱ ገና ከአልጋ ሳይወርድ የሐኪሙን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። ሐኪሙን አስፈቅዶ ነው? ከኋላ ያለችው በሽተኛስ? ተመልሶ ሄዶ ፊት ለፊት ማመስገን ግን እየቀረ ነው።

ስለ ገንዘቡ፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት አንድ ብር እንኳ በማንም እጅ አታስጨብጡ። ያ ምስጋና አይደለም፤ ድሃው ጎረቤታችሁ ነገ ተራ እንዲያጣ ያደርገዋል። ከዳናችሁ በኋላስ? በዚህ ላይ ልቤ ሁለት ነው። ደንብ አስከባሪ ሆኜ ነው ያረጀሁት፤ ለጎረቤቴም ልጅ «ምንም» ብያለሁ። ነገር ግን ለሌሊት ተረኞች ተቆልቶ የሚጠጣ አንድ ኪሎ ቡና ለዋርዱ ቢመጣ፣ ኃጢአቱ የቱ ላይ እንደሆነ አይታየኝም። ያ ማርም ዛሬ ቢመጣልኝ እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ከአዋላጇና ከዘበኛው ጋር ከሰውየው ጎን እቀምሰው ነበር።

ለልጁ ትናንት ደወልኩለት። «ፖስታውን ተወው፤ እናትህን ይዘህ ሂድ» አልኩት። ስፌቷ የሚነሣበት ቀን ደርሶ ስለነበር አብረው ይሄዳሉ። ማደንዘዣ የሰጠቻት ልጅ ማን እንደሆነች እንዲጠይቅም ነግሬዋለሁ።

ያን ቀን ግን ሰውየውን «እንዴት ናት?» እንኳ አላልኩትም። ቁስሏ ደርቆ ውኃ መቅዳት ጀምራ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ልጅ ታቅፋ እንደሆነ አላውቅም።